የጨረቃዋ ግጥም፦ በስፓኒሽ ቀለም ቆጠራ፣ ቤት አመታትና ድግግሞሽ ላይ ጥያቄና መልስ

ስለ ስፓኒሽ ግጥም ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር፤ አመጣችሁ። ግማሹ ስለ ቀለም ቆጠራ ነው፤ ቀለም የምለው ቃል ሲነገር በአንድ ጊዜ የሚወጣውን የድምፅ ቁራጭ ነው። ሌላው ስለ ቤት አመታት ነው። ስለ ድግግሞሽ የጠየቁት ጥቂት ናቸው፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። በየመልሱ አዲስ ግጥም ከምጎትት አንዱ ላይ ብንቆይ ይሻላል። የመረጥኩት የስፔናዊውን ገጣሚ የፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካን «ሮማንሴ ዴ ላ ሉና፣ ሉና» ነው፤ ሉና ጨረቃ ናት፣ ሮማንሴ ደግሞ ታሪክ የሚነግር የስፓኒሽ ግጥም ቅርጽ ነው። ሎርካ በ1898 ግራናዳ አጠገብ ተወለደ። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደጀመረ ተገደለ። ይህ ግጥም በ1928 የወጣው «ሮማንሴሮ ኺታኖ» የተባለው መጽሐፉ መክፈቻ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ አጭር ነው። ጨረቃ በሴት መልክ ወደ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤት ትመጣለች። ውስጥ ትንሽ ልጅ ብቻውን አለ። ልጁ «ሽሺ! ኺታኖቹ ቢመጡ ልብሽን ሐብልና ቀለበት ይሠሩበታል» ይላታል። እሷ «ተወኝ ልጨፍር» ትለዋለች። ኺታኖ የሚባሉት በስፔን የሚኖሩት «ሮማ» የተባሉት ሕዝብ ናቸው (ከሮም ከተማ ጋር አይገናኝም)። እነሱ ሲደርሱ ልጁ ሞቷል። ጨረቃዋ አንድ ልጅ እጁን ይዛ ሰማይ ላይ ትሄዳለች። ግጥሙ 36 ስንኝ አለው። መጀመሪያው እንዲህ ነው፦

ላ ሉና ቢኖ አ ላ ፍራጓ
ኮን ሱ ፖሊሶን ዴ ናርዶስ።
ኤል ኒኞ ላ ሚራ፣ ሚራ።
ኤል ኒኞ ላ ኤስታ ሚራንዶ።

ሐሳቡ፦ ጨረቃ ወደ ቀጥቃጩ ቤት መጣች፤ ከኋላ የተነፋው ቀሚሷ የናርዶስ አበባ ነው። ልጁ ያያታል፣ ያያታል። ልጁ እያያት ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቹ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሮማንሴ ስንኙ ስምንት ቀለም ነው ይባላል። የመጀመሪያውን ስቆጥር ግን ዘጠኝ ይመጣብኛል። ላ፣ ሉ፣ ና፣ ቢ፣ ኖ፣ አ፣ ላ፣ ፍራ፣ ጓ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ቆጠራህ በወረቀት ልክ ነው። በአፍ ግን «ኖ» እና «አ» አንድ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ከጀመረ፣ ሁለቱ በአንድ ትንፋሽ ይባላሉ፤ እንደ አንድ ቀለም ይቆጠራሉ። ስሙ ሲናሌፋ ነው። ስለዚህ፦ ላ–ሉ–ና–ቢ–ኖአ–ላ–ፍራ–ጓ። ስምንት።

አራተኛው ስንኝም እንደዚያው ነው። ኤል–ኒ–ኞ–ላኤስ–ታ–ሚ–ራን–ዶ። ስፓኒሽ ላይ «ኤች» የምትባለዋ ፊደል ድምፅ ስለሌላት እሷም አታግድም። «እና» ማለት የሆነችው «ኢ»ም ከግራዋ ወይም ከቀኟ ጋር ትጣበቃለች። አንዳንዴ ሦስት አናባቢ ይጨፈለቃል። «ዴንትሮ ዴ ላ ፍራጓ ኤል ኒኞ» የሚለውን አንብበው። ከ«ጓ» ቀጥሎ «ኤል» ይመጣል። ኡ፣ አ፣ ኤ ሦስቱም አንድ ቀለም ሆኑ።

በነገራችን ላይ «ጓ» ለፈረንጅ ተማሪ ራስ ምታት ናት። ሁለት አናባቢ በአንድ ቀለም መሆኑን ለማስረዳት ገጽ ሙሉ ይጻፍለታል። እኛ «ጓደኛ» ስንል አንድ ፊደል ናት፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ «ኮራሶን» በሚል ቃል የሚያልቅ ስንኝ ላይ አንድ ጨምር ይላሉ። ከየት የመጣ ሕግ ነው? ያልተጻፈ ቀለም እንዴት ይቆጠራል?

መልስ፦ ስፓኒሽ ስንኝ የሚለካው እስከ መጨረሻው ጫና ድረስ ነው። ጫና የምለው ድምፁ ጠንከር ከፍ የሚልበትን ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀለም እንዳለ ተደርጎ ይታሰባል፤ የቋንቋው አብዛኛው ቃል ጫናው ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ስለሆነ ጆሮው የለመደው ይህንን ነው። «ናር–ዶስ»፣ «ሚ–ራን–ዶ»። እነዚህን ያና ይሏቸዋል፤ የቆጠርከው እንዳለ ይቀራል። ጫናው የመጨረሻው ቀለም ላይ ከሆነ አጉዳ ይባላል፤ አንድ ትጨምራለህ። ከመጨረሻው ሦስተኛ ላይ ከሆነ ኤስድሩኹላ ነው፤ አንድ ትቀንሳለህ።

ስምንት ቀለም ማለት እንግዲህ «ሰባተኛው ላይ ጫና አለ» ማለት ነው። ቁጥሩን ትተህ ይህንን ብትይዝ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጫና የምትለው የእኛ ማጥበቅና ማላላት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ማጥበቅ የተነባቢ ጉዳይ ነው፤ ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሳይጠብቅ «ገና አልመጣም» ነው። የስፓኒሹ ጫና ያለው አናባቢው ላይ ነው። «ፓፓ» ስትል ፊተኛውን ካጠነከርክ ድንች ነው (የሮማው ጳጳስም እንዲሁ ይጠራሉ)። ኋለኛውን ካጠነከርክ አባባ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሁለቱንም እኩል አድርጎ ያነባቸዋል። ለዚህ ነው ግጥሙን ስናነብ ዝርግ የሚሆንብን። ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ የሚያዜም ሰው ካለ ደግሞ ስሙ።

ጥያቄ፦ አሥራ አንደኛው ስንኝ አልገባ አለኝ። «አሪአን ኮን ቱ ኮራሶን»። አ–ሪ–አን–ኮን–ቱ–ኮ–ራ–ሶን ስምንት ነው። አጉዳ ስለሆነ አንድ ስጨምር ዘጠኝ። ሎርካ ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

አልተሳሳተም። በሕጉ መሠረት «ሪአን» የሚለው ውስጥ ያለችው «ኢ» ጫና ስላለባት ከ«አ» ተለይታ መቆም ነበረባት። እዚህ ግን ስንኙ ስምንት እንዲሆን ሁለቱ በግድ ይጨፈለቃሉ፦ አ–ርያን–ኮን–ቱ–ኮ–ራ–ሶን። ሰባት፤ ሲደመር አንድ ስምንት። በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ ሲጨፈለቅ ሲኔሬሲስ ይባላል።

ሃያ አምስተኛው ስንኝ ላይ ያው ድምፅ ይመለሳል። «ፖር ኤል ኦሊባር ቤኒአን»፣ በወይራው መሃል ይመጡ ነበር። እዚያ ግን ሳይጨፈለቅ ይነበባል፦ ቤ–ኒ–አን። የስንኙ መጨረሻ ስለሆነ ጫናው «ኒ» ላይ ሰባተኛ ሆኖ መውደቅ አለበት። አንድ ግጥም፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት አያያዝ። ኮምፒውተር ላይ ቀለም የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች እዚህ ጋ የሚደናበሩት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ የ36ቱን ስንኝ መጨረሻ ቃል ዘርዝሩ። በአጉዳ የሚያልቀው አንድ ብቻ ነው፤ «ኮራሶን»፣ ልብ። እሱ ያለበት ስንኝ ደግሞ ቃል ጨፍልቀን ካልሆነ ልኩ የማይመጣው ስንኝ ነው። የሚለውም ልብሽን ቀጥቅጠው ጌጥ ይሠሩበታል ነው። ሎርካ አስቦበት ይሁን ጆሮው መርቶት አልከራከርም። ግጥም ስትመረምሩ ግን እንዲህ ያለውን ቦታ ፈልጉ። ሠላሳ አምስቱ ስንኝ በሥርዓት ሄዶ አንዱ ከተንገዳገደ፣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉም ስምንት ከሆነ ለምን አይሰለችም? አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ይጎተታል።

መልስ፦ የሰባተኛው ጫና ቋሚ ነው። የቀሩት ቦታ ይቀያይራሉ። «ሙኤቤ ላ ሉና ሱስ ብራሶስ» (ጨረቃ ክንዶቿን ታወዛውዛለች) አንደኛው፣ አራተኛውና ሰባተኛው ላይ ይረግጣል። ዳን–ታ–ታ፣ ዳን–ታ–ታ። ዳንስ ነው። «ኤል ኒኞ ላ ሚራ፣ ሚራ» ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት ላይ ነው። «ኡዬ ሉና፣ ሉና፣ ሉና» (ሽሺ ጨረቃ፣ ጨረቃ፣ ጨረቃ) ግን አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። እኩል እኩል ምት ነው። ልጁ በፍርሃት የሚጮኸው እንደ መዶሻ ነው፤ ያለውም መዶሻ ቤት ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በበኩሌ ቤት የሚመታበት ቦታ ጠፋኝ። «ናርዶስ» እና «ሚራንዶ» እንዴት ተደርገው ነው ቤት የሚመቱት? «ዶስ» እና «ዶ» ቢቀራረቡም ቀጥሎ «ብራሶስ»፣ «ኤስታኞ»፣ «ኺታኖስ» ይመጣል። ይሄ ቤት ነው እንዴ?

መልስ፦ ነው። የእኛ ጆሮ እንዳይቀበለው የሚያደርግ ምክንያት ስላለ ትንሽ ልቆይበት።

የአማርኛ ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው። «መጣ» እና «ወጣ» ይመታሉ። «መጣ» እና «በላ» አይመቱም፤ አናባቢያቸው ከላይ እስከ ታች አንድ ቢሆንም። ተነባቢው ካልገጠመ ለእኛ ቤቱ ባዶ ነው። ስፓኒሽ ሁለት ዓይነት ቤት አለው። አንደኛው ኮንሶናንቴ ነው፤ ከመጨረሻው ጫና ጀምሮ ያለው ድምፅ ሁሉ ተነባቢም አናባቢም ይገጥማል። ሁለተኛው አሶናንቴ ነው። እዚያ አናባቢዎቹ ብቻ ይበቃሉ። በዚያ ጆሮ «መጣ» እና «በላ» ቆንጆ አድርገው ቤት ይመታሉ።

ሮማንሴ የሚጠቀመው አሶናንቴን ነው። ከመጨረሻው ጫና ጀምራችሁ ተነባቢውን ሁሉ አውጡት። ናርዶስ፦ አ–ኦ። ሚራንዶ፦ አ–ኦ። ብራሶስ፦ አ–ኦ። ኤስታኞ፦ አ–ኦ። ኺታኖስ፦ አ–ኦ። ወደ ታች ውረዱ፤ ካባዮስ፣ ያኖ፣ ሴራዶስ፣ ማኖ። ሁሉም አ–ኦ። አሥራ ስምንቱም ጥንድ ስንኞች፣ ማለትም ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ እያለ እስከ መጨረሻው በዚሁ ያልቃሉ። አንዱ ብቻ በ«ል» ይዘጋል፦ «አርቦል»፣ ዛፍ። እሱም አ–ኦ ስለሆነ ገባ። ሌሊት የምትጮኸው ወፍ ያለችው እዚያ ዛፍ ላይ ነው፤ ጆሮ ደግሞ ያችን «ል» እንደ ትንሽ ጠጠር ይሰማታል።

ነጠላዎቹ ስንኞች ነፃ ናቸው። እነሱ ላይ ቤት አትፈልጉ።

ጥያቄ፦ ለምን ሁለተኛው ብቻ? ስንፍና አይመስልም?

መልስ፦ የሮማንሴ ታሪክ ነው። ቅርጹ ሲዘፈን ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በአፍ የመጣ ነው። ብዙዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ፣ ከድሮው ረጅም የጀግንነት ግጥም ተቆርጦ የወጣ ነው የሚል ነው። የዚያ ስንኝ ረጅም ሆኖ መሃሉ ላይ ያርፍ ነበር፤ ቤት የሚመታውም መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። ሁለት ቦታ ቆርጠህ ብትጽፈው ግማሾቹ ያለ ቤት ይቀራሉ። የእኛን የወል ቤት ስድስት ስድስቱን ሐረግ በየመስመሩ ብትጽፈውም ተመሳሳይ ነገር ታያለህ።

አንድ አናባቢ ጥንድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መያዙ ደግሞ ለተራኪው ጥሩ ነው። ቤቱ ብዙ አይጮኽም፤ ከሥር ይጎትታል። ታሪክ የሚነግር ሰው ቤት ለማስመታት ሲል ታሪኩን ማጣመም የለበትም።

ጥያቄ፦ እኔ ስፓኒሽ የለመድኩት እዚህ አሜሪካ ከሜክሲኮ ሰዎች ጋር እየሠራሁ ነው። ቤት አመታቱ በአነጋገር ይቀየራል?

መልስ፦ አሶናንቴው አይቀየርም፤ አናባቢ ብቻ ስለሆነ። ኮንሶናንቴው ይቀየራል። «መኖሪያ ቤት» እና «አደን» ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት በሜክሲኮ አፍ ሁለቱም «ካሳ» ናቸው፤ ፍጹም ቤት ይመታሉ። ማድሪድ ላይ ሁለተኛው ምላስ በጥርስ መሃል ወጥቶ ስለሚነገር አይመታም። እኔም እዚህ ስንኞቹን የጻፍኩት በ«ሰ» ነው፤ ላቲን አሜሪካም ከፊሉ አንዳሉሲያም እንዲህ ይላል።

ጥያቄ፦ ድግግሞሹን ግን አልወደድኩትም። «ሉና፣ ሉና፣ ሉና»፣ «ሚራ፣ ሚራ»። የልጆች መዝሙር መሰለኝ።

መልስ፦ የልጆች መዝሙር መምሰሉ ልክ ነው፤ መስሎም እንዲቀር አይፈልግም። ሎርካ ፒያኖ የሚጫወት፣ የሕዝብ ዘፈን የሚሰበስብ ሰው ነበር። በ1931 ላ አርኸንቲኒታ ከምትባለው ዘፋኝ ጋር የሕዝብ ዘፈኖችን በሸክላ አስቀርጿል፤ ፒያኖውን የመታው ራሱ ነው። የእሹሩሩ ቋንቋ ያውቃል። እዚህ እሹሩሩውን ሞት አፍ ውስጥ አስገባው።

ድግግሞሽን ስታዩ «ስንት ጊዜ ተደገመ» ብላችሁ አትቁሙ። ሲመለስ ምን ተቀይሮ መጣ በሉ። ከዚህ ግጥም ሦስት ልስጣችሁ።

«ኺታኖስ» አራት ጊዜ ይመጣል፤ አራቱም ጊዜ ቤት የሚመታበት ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያ ልጁ ነው የሚናገረው፦ «ሲ ቢንዬራን ሎስ ኺታኖስ»፣ ኺታኖቹ ቢመጡ። ላይመጡም ይችላሉ የሚል ግሥ ነው። ወዲያው ጨረቃዋ ትመልሳለች፦ «ኳንዶ ቤንጋን ሎስ ኺታኖስ»፣ ኺታኖቹ ሲመጡ። እሷ እንደሚመጡ አልተጠራጠረችም። ልጁ «ቢ» ያለውን እሷ «ሲ» አለችው። ሦስተኛው ላይ በወይራው መሃል እየመጡ ነው። አራተኛው ላይ ደርሰው እየጮኹ ያለቅሳሉ። ቃሉ አልተነቃነቀም። ዙሪያው ያለው ጊዜ ነው ከምናልባት ወደ ለቅሶ የተራመደው።

ሁለተኛው የልጁ ዓይን ነው። ጨረቃዋ «ኺታኖቹ ሲመጡ መስፉ ላይ ዓይንህ ተከድኖ ያገኙሃል» ትለዋለች። ዓይን ስትል አቆላምጣ ነው፤ «ኦኺዮስ»፣ የልጅ ትንንሽ ዓይን። ሞትን በቁልምጫ ነገረችው። ጥቂት ስንኝ ቆይቶ ተራኪው ያንኑ ይደግማል፦ ልጁ ቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ዓይኑ ተከድኗል። አሁን ቁልምጫው የለም፤ «ኦኾስ» ብቻ። ትንቢቱ በአንዲት ቅጥያ መነሳት ተፈጸመ። ቀጥሎ ኺታኖቹ ሲመጡ እነሱም ዓይናቸው ግማሹ ተከድኗል፤ የእነሱ ግን ሕልም ነው።

ሦስተኛው የመክፈቻና የመዝጊያ ጥንድ ነው። መክፈቻውን አይታችኋል። መዝጊያው ይህ ነው፦

ዴንትሮ ዴ ላ ፍራጓ ዮራን፣
ዳንዶ ግሪቶስ፣ ሎስ ኺታኖስ።
ኤል አይሬ ላ ቤላ፣ ቤላ።
ኤል አይሬ ላ ኤስታ ቤላንዶ።

በቀጥቃጩ ቤት ውስጥ ኺታኖቹ እየጮኹ ያለቅሳሉ። አየሩ ይጠብቃታል፣ ይጠብቃታል። አየሩ እየጠበቃት ነው። መጠበቁ እንደ አስከሬን ጥበቃ ነው፤ ሌሊቱን አብሮ የማደር ዓይነት።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የስንኙ አጥንት አንድ ነው፤ ቃል በቃል ይገጥማል። «ልጁ» በነበረበት ቦታ «አየሩ» ገብቷል። «ያያታል» በነበረበት «ይጠብቃታል» ገብቷል። የልጁ ወንበር ላይ አየር ተቀምጧል። ልጁ ሞተ የሚል ስንኝ በግጥሙ ውስጥ የለም፤ ሞቱን የነገረን ይህ መተካት ነው። ድግግሞሹ ባይኖር ልጁ መጉደሉ በጆሮ አይታወቅም ነበር።

ግሡም በሁለቱ ቦታ አንድ ዓይነት ይሄዳል፦ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል፣ ከዚያ ወደ «እያ…ነው» ይዞራል። አንድ ግሥ መልኩን ቀያይሮ ሲመጣ ፖሊፕቶቶን ይሉታል። ስሙን ባታውቁትም ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ እናንተ መቼም ትቆጥራላችሁ። እኔ ግን ግጥም ሲቆጠር የሚሞት ይመስለኛል። የቀለም ቁጥር ስሜት ይሆናል?

መልስ፦ ቁጥሩን ብቻ ጽፎ የሚያቆም ሰው ካለ አዎ፣ ይሞታል። ግን የሎርካን ሌላ ግጥም እንውሰድ። ኢግናሲዮ ሳንቼስ ሜኺያስ የሚባል ወዳጁ በሬ ተፋላሚ ነበር። ነሐሴ 1934 ማንሳናሬስ ላይ በሬ ወጋውና ከሁለት ቀን በኋላ ማድሪድ ላይ ሞተ። ሎርካ በ1935 ባወጣው የሙሾ ግጥም የመጀመሪያ ክፍል፣ በየሁለተኛው ስንኝ «አ ላስ ሲንኮ ዴ ላ ታርዴ» ይላል፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ያ ስንኝ ስምንት ቀለም ነው። በመሃሉ የሚገቡት በብዛት አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ አንዱ አንድ ነገር ሊነግርህ ይጀምራል፤ አንሶላ፣ ኖራ፣ ሞት። ስምንቱ መጥቶ ያቋርጠዋል። እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቋረጣል። ሰዓቱ ከዚያ ደቂቃ አልወጣም።

ባትቆጥረውም ይሰማሃል። ለምን እንደተሰማህ ለሌላ ሰው ላስረዳ ስትል ነው ቁጥሩ የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ስምንትና አሥራ አንድ ብቻ ነው ያለው?

መልስ፦ ሰባትም አለ፣ አሥራ አራትም አለ፣ ሌላም። እስከ ስምንት ያለው አጭር ስንኝ ነው፤ የሕዝብ ዘፈን መሬት። አሥራ አንዱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከጣሊያን ግጥም ጋር ሥር ሰደደ፤ ሶኔቱን (አሥራ አራት ስንኝ ያለውን የግጥም ቅርጽ) ተሸክሞ የመጣ እሱ ነው። አሥራ አራቱ አሌኻንድሪኖ ይባላል። ሰባት ሲደመር ሰባት ነው፤ የኒካራጓው ሩቤን ዳሪዮ በ«ሶናቲና» እንዴት እንደሚያዜምበት ተመልከቱ፦ «ላ ፕሪንሴሳ ኤስታ ትሪስቴ፣ ኬ ቴንድራ ላ ፕሪንሴሳ?» ልዕልቲቱ አዝናለች፣ ምን ነካት ልዕልቲቱን? ሁለቱ ግማሾች እንደ ሁለት ስንኝ ለየብቻ ነው የሚለኩት። መሃሉ ላይ ሲናሌፋ አይሻገርም።

ሁለት ልክ አሰባጥሮ መጠቀምም የተለመደ ነው። የሴቪያው ጉስታቮ አዶልፎ ቤኬር ስለ ወንጭፊቶች በጻፈው ዝነኛ ግጥም ሦስት ሦስት ረጃጅም ስንኝ ሄዶ አራተኛውን በሰባት ይቆርጠዋል። «ወንጭፊቶቹ ይመለሳሉ» ብሎ ይጀምርና አጭሩ ስንኝ ላይ «እነዚያ ግን አይመለሱም» ይላል። ቆራጣው ስንኝ ላይ የተቆረጠ ተስፋ አስቀመጠ።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ሜሪላንድ ነኝ። ልጄ ሃይስኩል ስፓኒሽ ይወስዳል። ይህንኑ ግጥም ሰጥተውት ስለ ልክ፣ ቤትና ድግግሞሽ አንድ ገጽ ጻፍ ብለውታል። ዝርዝር አድርጎ ጻፈና «ትንታኔ የለውም» ተብሎ ተመለሰለት። ምን ልበለው?

መልስ፦ እናቱ፣ ልጅሽ የጻፈው ስህተት አይደለም፤ ግማሽ ነው። «ስምንት ቀለም ነው፣ አሶናንቴ ነው፣ አናፎራ (በስንኝ መጀመሪያ የሚደገም ቃል) አለው» ብሎ ከሆነ መምህሩ ቀድሞ የሚያውቀውን ነው የነገረው።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ቅርጹን ይበል፦ ሮማንሴ፣ ስምንት ቀለም፣ በጥንድ ስንኞች አ–ኦ። እዚያው ይተወው። ቀጥሎ አንድ ነገር መርጦ ይግፋበት። የ«ኺታኖስ»ን አራት መመለስ ወይም የመክፈቻና የመዝጊያውን ጥንድ ቢይዝ ገጹ ይሞላል። ስንኙን ይጥቀስ፣ ምን እንደተቀየረ ያሳይ፣ ያ ለውጥ ስለ ልጁ ምን እንደሚናገር ይጻፍ። «ድግግሞሹ ግጥሙን ውብ ያደርገዋል» የምትለዋን ግን ይሰርዛት። ስለ ማንኛውም ግጥም የሚባል ነገር ስለ የትኛውም ግጥም አይናገርም።

የ«አሪአን»ን ነገር ቢያነሳማ መምህሩ ይደነቃል። ግን ገብቶት ከሆነ ብቻ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም የድግግሞሽ ስም ማወቅ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አናፎራ፣ ኤስትሪቢዮ (አዝማች) እና ፓራሌሊስሞ (አጥንቱ የሚደገም ስንኝ) ከያዝክ ብዙ ያስኬድሃል። ሌላው ሲያጋጥምህ መዝገብ አለ።

ጥያቄ፦ ወደ አማርኛ ልመልሰው አስቤአለሁ። ስምንቱን ልጠብቅ?

መልስ፦ እኔ ብሆን አልሞትለትም። አማርኛ በስምንት ቀለም ይህን ሁሉ ለመጫን ይጠብበዋል። የወል ቤቱ አሥራ ሁለት ደግሞ ይረዝማል፤ ልጁ ይከብድበታል። የሰንጎ መገኑ አምስት አምስት ሳይቀርብ አይቀርም። አ–ኦ የሚለውን ቤት ተወው፤ ጆሯችን አይሰማውም። መክፈቻውና መዝጊያው አጥንታቸው አንድ መሆኑን ግን በምንም አትልቀቅ። «ቢመጡ» እና «ሲመጡ» አማርኛ በነፃ ሰጥቶሃል፤ ተጠቀምበት።

ጥያቄ፦ አጭር ጥያቄ። የዚያው መጽሐፍ «ቤርዴ ኬ ቴ ኪዬሮ ቤርዴ» ብሎ የሚጀምረው ግጥም ውስጥ «ኤል ባርኮ ሶብሬ ላ ማር» አለ። ሰባት ነው የመጣልኝ። ጎደለ?

መልስ፦ «ማር» አጉዳ ነው፤ አንድ ጨምርበት፣ ስምንት። ቤቱ ደግሞ እዚያ አ–አ ነው፦ ራማስ፣ ሞንታኛ። የመጀመሪያው ስንኝ በ«ቤርዴ» ጀምሮ በ«ቤርዴ» ያልቃል፤ አረንጓዴ፣ እንዴት እወድሻለሁ፣ አረንጓዴ። ያ ስንኝ በግጥሙ ውስጥ በተመለሰ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን አስምርበት፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም።